ገዳዩ ሐኪሙ ነው

«ገዳይዋ የወንድሙ ሚስት ናት።»

በእርሳስ ነው የተጻፈው፣ በመጀመሪያው ገጽ ራስጌ ላይ፣ ጥርት ባለ ፊደል። ቲቲር ገና የታሪኩን ርዕስ አንብባ መጨረሷ ነበር። «የበረዶ ፋብሪካው ሰዓት» ይላል። ሰው ይሞት አይሞት አልታወቀም፤ ማን እንደሚሞትም አልታወቀም፤ ገዳይዋ ግን ከወዲሁ ታውቃ ቁጭ ብላለች።

መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። የተነሳው አቧራ እንኳን ሰውን፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈችውን እንሽላሊት አስነጠሳት።

«ዘጠኝ ሆነ» አለች። «ዳዱ፣ ይኸው ዘጠነኛው ነው። ሙሉ ቅጹን አበላሹብኝ።»

ዳዱ ሆሪሆር ከመዝገባቸው ቀና አላሉም። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «ዳዱ» ወይም አያቴ እያለ የሚጠራቸው እኚህ ሽማግሌ፣ በሽሪራምፑር ከወንዙ ዳር ያለችውን የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ያለ ደመወዝ አርባ ዓመት ጠብቀዋል። ጆሯቸው ላይ የምትሰካው እርሳስ ከመቆየቷ የተነሳ ሥር ሰድዳለች፣ በክረምት ቅጠል ታወጣለች እየተባለ ይወራል።

«ማን ነው ግን የሚጽፈው?»

«ሰው ነዋ» አሉ ዳዱ። «ድመት እርሳስ አይዝም።»

«ባገኘው ስሙን ግንባሩ ላይ እጽፍለታለሁ። በእርሳስ ሳይሆን በማይለቅ ቀለም።»

«በርቺ» አሉና ገጽ ገለጡ።

ቲቲር አሥራ አራት ዓመቷ ነው። የምታነበው ኦምቡጅ ሆር የሚባለውን የድሮ የወንጀል ታሪክ ደራሲ ነው። በሽሪራምፑር ኦምቡጅ ሆርን አላነበብኩም የሚል ከተገኘ ወይ ጨቅላ ነው ወይ መንገደኛ። ግን ሁሉም የሚያውቀው ወፍራም ወፍራሞቹን ልቦለዶች ነው። በእነሱ ውስጥ ባለከዘራ መርማሪ አለ፤ ከሚሮጥ ባቡር ይዘላል፣ ኮፍያው አይወድቅም፣ የተተኮሰ ጥይት እንኳ እሱ ጋ ሲደርስ በአክብሮት ዞር ብሎ ያልፋል። ቲቲር እነዚያን በአሥራ አንድ ዓመቷ ጨርሳ ሰልችታቸዋለች።

እሷ ያገኘችው ሌላ ነገር ነው። ከመደርደሪያው የታችኛው እርከን፣ ከተሰበረ ማራገቢያ ጀርባ፣ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሱ ሰባት ቀጫጭን ቅጾች። ኦምቡጅ ሆር ለበዓል መጽሔቶች የጻፋቸው አጫጭር ታሪኮች። ከኋላ የተለጠፈው የውሰት ወረቀት ላይ የመጨረሻው ማኅተም የተመታው እሷ ሳትወለድ ነው። በነዚህ ታሪኮች ውስጥ ባለከዘራው የለም። አንድ ልብስ ሰፊ አለ፤ ሌባውን ከቁልፍ አቆላለፉ ያውቀዋል። አንዲት ባልቴት አለች፤ ጎረቤቷ እንደዋሸ የገባት ቁራዎቹ በሰዓታቸው እሱ ጣራ ላይ ሳይመጡ ሲቀሩ ነው። አንድ ተራ ሰው ዝም ብሎ ያያል፣ ያያል፣ ከዚያ አንዲት ቃል ይናገራል፤ ያን ጊዜ የቲቲር ፀጉር ይቆማል። ዳዱ ለእሷ ያለ ማኅተም ነው የሚያውሷት፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅጾች በጂኦግራፊ መጽሐፏ ውስጥ ደብቃ በአንድ ሳምንት ጨረሰቻቸው። ከሦስተኛው ቅጽ ጀምሮ ግን እርሳሱ መጣ። እያንዳንዱ ታሪክ ሲጀምር ገዳዩ በስሙ ተጠርቶ ይቆያታል። ገዳዩን እያወቁ ማንበብ ደግሞ ሌላ ሰው ያኘከውን ሸንኮራ እንደማኘክ ነው። ስለዚህ ስሙን ባየች ቁጥር ታሪኩን እየዘለለች፣ እየተንጨረጨረች፣ ይኸው ዘጠኝ ደረሰች።

በሩ ተከፈተና መጀመሪያ ጃንጥላ፣ ቀጥሎ ቦርጭ፣ በመጨረሻም ሞንቱ ጄቱ ገቡ። ጄቱ ማለት የአባት ታላቅ ወንድም ነው፤ ሞንቱ ግን የማንም አባት ወንድም ሳይሆኑ የሰፈሩ ሁሉ ጄቱ ናቸው። የቤተ መጻሕፍቱ ኮሚቴ ጸሐፊም ናቸው። ከኪሳቸው ሜትር አውጥተው መደርደሪያውን ይለኩ ጀመር።

«ምን እየለኩ ነው፣ ጄቱ?»

«ለካሮም ሰሌዳ ቦታ። ወጣቶቹ መጫወቻ ይፈልጋሉ። ይሄ የታችኛው ቆሻሻ ሰኞ ለቆራሌው ይሄዳል።»

«ቆሻሻ? ኦምቡጅ ሆር እኮ ነው።»

ሞንቱ ጄቱ ሜትራቸውን ለቀቁት፤ እየተጠቀለለ ተመለሰና አውራ ጣታቸውን መታቸው። «ኦምቡጅ ሆርን ለእኔ ልታስተምሪኝ ነው? እኔ አንቺን በማክል ጊዜ በቃሌ ነበር የምወጣው። አጫጭሮቹን ሳይቀር። ግን አሁን የሚያነባቸው የለም።»

«እኔ አነባቸዋለሁ።»

«አንድ ሰው የሚያነበው መጽሐፍ የግል ንብረት ነው። ሁለት ሰው ሲያነበው ነው ቤተ መጻሕፍት የሚባለው። እሁድ ስብሰባ አለ። ሌላ አንባቢ ይዘሽ ነይ፤ ያነበበውን ቆሞ ይናገር፤ መጽሐፎቹ ይቆያሉ። ካልሆነ በኪሎ ይሄዳሉ።»

ማክሰኞ ነበር። አምስት ቀን ቀርቷል።

በአምስት ቀን ሌላ አንባቢ ከየት ይመጣል? ቲቲር ሦስት የክፍሏን ልጆች ለመነች። አንዷ ፈተና አለብኝ አለች፤ ሁለተኛዋ ፊልሙ ካለ ልይልሽ አለች፤ ሦስተኛው ፖልቱ ነበር። ፖልቱ ከግድግዳ ወዲያ ጎረቤቷ ነው፤ በሕይወቱ ያነበበው ረጅሙ ጽሑፍ የክሪኬት ውጤት ነው።

«ጣጣ የለውም» አለ ፖልቱ። «ስጪኝ። አንድ ቅጽ ምን አላት? ጥርሴን እየፋቅሁ እጨርሳታለሁ።»

«ፖልቱ፣ ሙድ እንዳትይዝ። የምሬን ነው። ከምር ማንበብ አለብህ።»

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ ቃሌ ነው። እኔ እንደ ሌላው ፎጋሪ ነኝ እንዴ?»

አራተኛውን ቅጽ ሰጠችው። ረቡዕ ጠየቀችው፤ «ግማሽ ደርሻለሁ» አላት። ሐሙስ ጠዋት ጠየቀችው፤ «አልቋል፣ ያምራል፣ በተለይ መጨረሻው» አላት። መጨረሻው ምን እንደሆነ ስትጠይቀው «እሁድ ትሰሚያለሽ፣ አሁን ብነግርሽ ሙዱ ይጠፋል» ብሎ በብስክሌቱ ሄደ። ምንም ነገር ሳያነብ እንዲህ የሚኮራ ሰው ያለ አልመሰላትም፤ ስለዚህ አመነችው።

ሐሙስ ከሰዓት ዝናቡ መንገዱን ወንዝ፣ ወንዙን ደግሞ ባሕር አደረገው። ቲቲር የሒሳብ አስጠኚዋ በረንዳ ላይ ታገተች። አስጠኚው ራሱ ውሃውን ፈርቶ አልመጣም። በቦርሳዋ ውስጥ ያለው የአልጀብራ ደብተርና ያ የተበላሸ ሦስተኛ ቅጽ ብቻ ነው። አልጀብራውን አየችው። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰችና «የበረዶ ፋብሪካው ሰዓት»ን ከፈተች።

የወንድሙ ሚስት ሁለተኛው ገጽ ላይ መጣች። ቲቲር በጎሪጥ እያየቻት አነበበች። «አውቄሻለሁ፣ አታስመስዪ» አለቻት በልቧ። ሴትዮዋ ሻይ ስታፈላ ጠረጠረቻት፤ ስታለቅስ ጠረጠረቻት። አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ይህችው ሴት ተነስታ፣ ፋብሪካው ውስጥ የቆመውን ሰዓት በጣቷ አሳይታ፣ ትክክለኛውን ገዳይ በፖሊስ ፊት አጋለጠችው።

ቲቲር አፏን ከፍታ ቀረች። ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰች። «ገዳይዋ የወንድሙ ሚስት ናት።» ሌላውን ታሪክ ከፈተች። «ገዳዩ አትክልተኛው ነው።» አነበበችው፤ አትክልተኛው ነፍሰ ገዳይ ቀርቶ ጉንዳን የሚረግጥ ሰው አይደለም። ሦስተኛውን አነበበች፤ ውሸት። አራተኛውን፤ ቅጥፈት። ውሃው ጎድሎ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባ እሷ እዚያው በረንዳ ላይ ነበረች። እናቷ ፍለጋ እስክትመጣ ድረስ አምስት ታሪክ ጨርሳ ስድስተኛው ላይ ደርሳለች።

ደስ ይላት ይሆናል ብላችሁ እንዳታስቡ። አንጀቷ ነው ያረረው። አንድ ቦዘኔ እርሳስ ይዞ ዘጠኝ ታሪክ አስዘልሏታል። በእውነት ቢሆን እንኳ ይሻል ነበር፤ በውሸት!

ቅዳሜ ፖልቱ አራተኛውን ቅጽ መለሰላት። ያንኑ ቀን ጀመረችው። የመጀመሪያው ታሪክ «የዓሣ ገበያው ሚዛን» ይባላል። ራስጌው ላይ «ገዳዩ ሐኪሙ ነው» ይላል። በመጀመሪያው ገጽ አንድ ሐኪም ማልዶ ዓሣ ሊገዛ ይመጣል፤ ከሻጩ ጋር በሚዛን ይጨቃጨቃል፤ በጣም ክፉ ፊት አለው። አምስተኛው ገጽ ላይ ሐኪሙ በመሻገሪያው ጀልባ ውስጥ ሞቶ ተገኘ።

ገዳዩ የተባለው ሰው ሟቹ ነው። ቲቲር ሳትወድ ሳቀች። ቀሪውን ትንፋሿን ይዛ ጨረሰችው። የጀልባ ቲኬት የሚቆርጠው ሽማግሌ ነገሩን የደረሰበት፣ በዚያ ሁሉ ዝናብ መሀል ደርቆ በቆመ አንድ ጃንጥላ ነው። መጨረሻው ላይ ስትደርስ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አድርጋ ጣራውን ታይ ጀመር። ይሄ ነው ሰኞ በኪሎ ሊሸጥ የተዘጋጀው።

እሁድ ኮሚቴው ተሰበሰበ። አራት ሰዎች፣ አራት የሸክላ ስኒ ሻይ፣ አንድ ጋዜጣ ሙሉ በሽምብራ ዱቄት ተነክሮ የተጠበሰ ደበርጃን። ሞንቱ ጄቱ በጠረጴዛው ራስ፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሾሜን በቀኝ፣ ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር ቦሹ በግራ። ዳዱ ሆሪሆርም ጥግ ላይ መዝገባቸውን ታቅፈዋል። በሩ አጠገብ የቆራሌው ጆንያ ባዶውን ተጣጥፎ ይጠብቃል።

«እሺ፣ ሁለተኛው አንባቢ» አሉ ሞንቱ ጄቱ። «ያነበብከውን ንገረን።»

ፖልቱ ተነሳ። ፀጉሩን በዘይት አስተኝቷል። «ታሪኩ የዓሣ ገበያው ሚዛን ይባላል» አለ። «አንድ ሐኪም አለ። ማለዳ ይመጣል። ከዓሣ ሻጩ ጋር ይጣላል። ከዚያ…» እጁን አወናጨፈ፤ «ከዚያ ነገሩ ይወሳሰባል። ሰው ይሞታል። ፖሊስ ይመጣል። ማንም አይጠረጥርም። በመጨረሻ ግን ገዳዩ ሐኪሙ ራሱ ሆኖ ይገኛል።»

ቲቲር ገባት። አላነበበም። ከአንድ ገጽ በላይ አልሄደም። እርሳሱን አንብቦ ብስክሌቱ ላይ ወጥቷል። አሁን ጄቱ ይስቁና ሁሉም ነገር ያበቃል ብላ ጠበቀች።

ሞንቱ ጄቱ ግን ዐይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሐኪሙ» አሉ። «እኔ ገና ከሦስተኛው ገጽ ነው የነቃሁበት።»

«እኔ ሲያዝ አልቅሻለሁ» አሉ ሾሜን። «ሐኪሞችን አውቃቸዋለሁ። የእጅ ጽሑፋቸውን ያየ ሰው ምንም አያስገርመውም።»

«ለምን እንደገደለ ግን ብዙ ሰው አይገባውም» አሉ መምህር ቦሹ። «ለውርስ ነው።»

«የምን ውርስ? ለፍቅር ነው እንጂ።»

«ሾሜን፣ መጽሐፉን በትክክል አላነበብከውም ማለት ነው። ውርስ ነው። ስሌቱ ግልጽ ነው።»

«ለእኔ ነው አላነበብክም የምትለኝ? እኔ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት።»

ሃያ ደቂቃ ተከራከሩ። አንዱ ሐኪሙ ከገደለ በኋላ ምን እንደበላ ሳይቀር አስታወሰ። ሌላው ፍርድ ቤት የተናገረውን ንግግር በቃሉ ወጣው። አምስተኛው ገጽ ላይ ጀልባ ውስጥ ተጋድሞ የቀረው ሬሳ በሽሪራምፑር ተነስቶ፣ አፈቀረ፣ ወረሰ፣ ገደለ፣ ተፈረደበት። ሰው ሳይበላ ሲያገሳ ቲቲር አይታለች፤ ድግስ ሙሉ ሰው ባዶ ሆዱን አንድ ላይ ሲያገሳ ግን የመጀመሪያዋ ነው።

ዐይኗ ጥግ ላይ አረፈ። ዳዱ ሆሪሆር ፊታቸውን የሻይ ስኒያቸው ውስጥ ደፍተዋል፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እርሳሳቸው ከጆሯቸው ወድቃ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። ቲቲር እርሳሷን አየች። ዳዱን አየች። የእርሳሱ ጽሑፍ ለምን እንደ መዝገቡ ጥርት ያለ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት።

«እንግዲህ» አሉ ሞንቱ ጄቱ እጃቸውን በጋዜጣ እየጠረጉ፤ «ሁለት አንባቢ ብዬ ነበር፣ አልካድኩም። ግን እንዳያችሁት ነገሩ ሌላ ሆኗል። ሁላችንም አንብበን ጨርሰነዋል። ሁሉም አንብቦ የጨረሰውን መጽሐፍ ምን ያደርጉታል? ካሮሙ ይግባ።»

ቲቲር ተነሳች።

አንዲት ዓረፍተ ነገር ምላሷ ላይ ተቀምጣለች፣ እንደ ፍም ታቃጥላለች፦ ሐኪሙ እኮ ሟቹ ነው። ይህችን ብትል ሦስት ሽማግሌዎች በአንድ ጊዜ ይዋረዳሉ፤ እሷ ደግሞ አንድ ዓመት ሙሉ ስታስታውሰው ትስቃለች። ግን ፖልቱም አብሮ ይወድቃል፤ እሱ ከወደቀ የሚቀረው አንባቢ አንድ፣ እሷ ብቻ። የተዋረደ ኮሚቴ ደግሞ ላዋረደው መጽሐፍ አይራራም። ፖልቱን አየችው። ጆሮዎቹ ቀልተዋል። ከአፏ የሚወጣውን እንደ ፍርድ ይጠብቃል። ደህና አድርጋ ልታንቀው ፈልጋ ነበር።

ዓረፍተ ነገሯን ዋጠቻት። ግማሿን ብቻ ተፋች።

«ሐኪሙ አይደለም» አለች።

ሾሜን ደበርጃኑን አፋቸው አጠገብ እንዳቆሙት ቀሩ። «ምን አልሽ?»

«ሐኪሙ አይደለም። ፖልቱ ተደናግሮ ነው። ብዙ ሰው እዚያ ጋ ይሳሳታል።» ይህን ስትል ዐይኗን በጠረጴዛው ዙሪያ ቀስ አድርጋ አዞረችው።

«ማን ነው ታዲያ?» አሉ ሾሜን። ከዚያ ሁለት ጊዜ እንዳነበቡት ትዝ አላቸው። «ማለቴ… ረሳሁት እንጂ።»

«እኔ አልናገርም» አለች ቲቲር። «ገዳይ ቀድሞ የሚናገር ሰው እጠላለሁ። ደግሞ ሁላችሁም ስላነበባችሁት ታስታውሱታላችሁ።»

ከወንዙ ማዶ የጀልባ ጥሩምባ ተሰማ። ማንም ማንንም አላየም። መምህር ቦሹ ስኒያቸውን ገለበጡ፤ ባዶ ነበር። ሞንቱ ጄቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ደግመው ጠረጉ።

«ዕድሜ መጥፎ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ነገር ያደበላልቃል። ለማረጋገጥ ያህል… ሆሪሆር፣ ያቺን አራተኛ ቅጽ ወደዚህ በላት። ዛሬውኑ አየት አድርጌ እመልሳታለሁ።»

«ይቅርታ ጄቱ፣ ክርክሩ የእኔ ነው» አሉ ሾሜን። «እኔ ነኝ ቀድሜ የምወስዳት።»

«በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ከሆነ ቦሹ ይቀድማል» አሉ መምህሩ።

ዳዱ ሆሪሆር ተነስተው መዝገባቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። በአሥራ አምስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አረንጓዴው ቅጽ ላይ ማኅተም አረፈ፤ ድምፁ ሕንፃውን አናወጠው፤ እንሽላሊቷ ከግድግዳ ወደቀች ቢባልም እኔ አላረጋገጥኩም። ተራ ያልደረሳቸው ሦስተኛውን፣ አምስተኛውንና ስድስተኛውን ያዙ። ጆንያው ባዶውን ተመለሰ። ካሮሙ በረንዳ ላይ እንዲሆን ተወሰነ፤ ነፋስም ያገኛል ተባለ።

ፖልቱ ደረጃው ላይ ጠበቃት።

«ለምን አላጋለጥሽኝም?»

«ተወኝ፣ ፖልቱ። ላናግርህ አልፈልግም።»

«አንድ ገጽ ብቻ ነው ያነበብኩት። ከዚያ ስሙን አየሁና… ምን ይደረጋል ብዬ።» መሬት መሬት አየ። «ማን ነው ግን? ለእኔ ብቻ ንገሪኝ።»

«ተሰለፍ» አለችው። «አራተኛ ነህ።»

ሰው ሁሉ ሲሄድ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ዳዱ እርሳሳቸውን ከወለሉ አንስተው እየጠረጉ ነበር።

«በማይለቅ ቀለም ነው ያልሺው?» አሉና ግንባራቸውን አሳዩዋት።

«ዘጠኝ ታሪክ አስዘልለውኛል።»

«ድሮ እውነተኛውን ገዳይ የሚጽፍ አንድ እርጉም ነበረ። ባጠፋው ይጽፋል፣ ባጠፋው ይጽፋል። ታከተኝ። ስለዚህ እኔ ቀድሜ የውሸቱን ጻፍኩበት። ቦታው መያዙን ሲያይ ተወው።» እርሳሱን ጆሯቸው ላይ ሰኩት። «እኔ ደግሞ አንባቢ መጨረሻው ላይ ደርሶ፣ ተናዶ፣ መጥቶ ይጣላኛል ብዬ ነበር። ሠላሳ ዓመት ጠበቅሁ። አንድም ሰው መጥቶ አልተጣላኝም።»

የቲቲር ንዴት ግን ገና አልበረደም፤ ዘጠኝ ታሪክ ቀላል አይደለም። ሰባተኛውን ቅጽ አንስታ አስመዘገበችና ደህና ዋሉ ሳትል ወጣች።

በሚቀጥለው እሁድ መለሰችው። የመጨረሻው ታሪክ ራስጌ ላይ ምንም አልተጻፈም ነበር፤ ዳዱ እዚያ ሲደርሱ ሳይታክታቸው አልቀረም። በባዶ ገጽ ጀምራ፣ ማንንም ሳታውቅ፣ ሁሉንም እየጠረጠረች፣ እስከ መጨረሻዋ መስመር ሄዳለች። ንጹሑን ገጽ ንጹሕ አድርጋ ልትመልሰው አስባ ነበር የመጣችው።

መዝገቡ ላይ የሚቀጥለው ተራ የማን እንደሆነ አየች። ፖልቱ።

ውጭ ደግሞ ራሱ ቆሟል፤ በመስኮቱ በኩል መጽሐፉን አንገቱን አስግጎ ያያል። አራተኛውን ሦስት ቀን ሙሉ እንዳነበበው እናቱ ለእናቷ ነግራታለች፤ ምግብ እንኳ አልቀመሰም አሉ።

«ዳዱ» አለች ቲቲር። «እርሳስዎን ያውሱኝ።»

ሳይጠይቁ ሰጧት። ቲቲር ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ፣ የመጨረሻውን ታሪክ የመጀመሪያ ገጽ ገልጣ፣ ራስጌው ላይ ጥርት ባለ ፊደል ጻፈች፦

«ገዳዩ ሹፌሩ ነው።»

በታሪኩ ውስጥ ሹፌር የለም። መኪናም የለም። መጽሐፉን ዘግታ ለፖልቱ አቀበለችው።